አንድ ደላላ፣ 669 ሕፃናት

እሷ፦ ለእውነት የመቆም ድፍረትን ለተማሪ በምን እናስተምር? ምክር እንደሆነ ባንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

እሱ፦ ዘጋቢ ፊልም አሳዩ እላለሁ። የስሎቫኩን ዳይሬክተር የማቴይ ሚናችን ፊልም፣ «የበጎነት ኃይል»ን ውሰጂ። የለንደኑ የአክሲዮን ደላላ ኒኮላስ ዊንተን እ.ኤ.አ. በ1939 ከናዚ መንጋጋ 669 ሕፃናት ከፕራግ ሲያስወጣ ያሳያል፤ አብዛኞቹ አይሁዳውያን ናቸው።

እሷ፦ ጠመንጃ ሳያነሣ?

እሱ፦ በደብዳቤ! ለየልጁ አሳዳጊ ቤተሰብና 50 ፓውንድ ዋስትና እያፈላለገ።

እሷ፦ ተማሪው ግን «እሱ ጀግና ነው፣ እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ቢወጣስ?

እሱ፦ ለዚህ ነው ውይይት የሚያስፈልገው። መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ይወያዩ፦ ሕፃናትን ይዞ ከፕራግ ሴፕቴምበር 1 ሊነሣ የነበረው የመጨረሻው ባቡር ጦርነቱ ፈንድቶ ቀረ፤ 250 ያህል ሕፃናት ተሳፋሪዎች ነበሩ።

እሷ፦ እንግዲህ መምህራን፣ ፊልሙ እንዳለቀ «አንተስ? አንቺስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደግ ሥራ ለነገ አይባልም።