አሮጌ ፕላን ወደ ካድ ሲገለበጥ
(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ማታ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ተጠቅልለው ስለሚገኙት አሮጌ የሕንፃ ፕላኖች ነው። እነዚህን ፕላኖች በስካነር እያነሡ፣ ካድ በሚባለው የኮምፒዩተር መንደፊያ ሊታረም ወደሚችል ፋይል መገልበጥ እጅግ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ሥራውን የሚረከበው ሰው ብዙውን ጊዜ መሐንዲስ ሳይሆን እንደ እናንተና እንደ እኔ ያለ የጽሕፈት ሠራተኛ ስለሆነ፣ የሚረከበው ነገር ምን እንደሆነ ሊያውቅ ይገባዋል።

በቅድሚያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት የአሮጌው ሕንፃ ፕላን ተገልብጦ ቀረበ። መስመሩ የጠራ፣ ለዓይን የሚያምር ነበር። ርክክቡ ከተፈረመ በኋላ ወረቀቱ ከእንግዲህ ቦታ ያጣብባል እንጂ አይጠቅምም ተብሎ፣ ገሚሱ ለሱቅ መጠቅለያነት ተሸጠ። ጥቂት ቆይቶ በሕንፃው ላይ አንድ ፎቅ ለመጨመር ሲታሰብ፣ አንድ ሽማግሌ ነዳፊ ሜትሩን ይዞ ኮሪደሩን ለካ፤ ወርዱ ሁለት ሜትር ሆነ። በፋይሉ ላይ ሲለካ ግን አንድ ሜትር ብቻ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋናው ፕላን በኤ1 ወረቀት ላይ፣ አንድ ለመቶ በሆነ ስኬል የተሠራ ነበር። በስካነር የተነሣው ግን ለአያያዝ እንዲመች ወደ ኤ3 አንሶ የወጣው ቅጂ ነው። ኤ3 በቁመቱም በወርዱም የኤ1 ግማሽ ስለሆነ ሥዕሉ በእውነቱ አንድ ለሁለት መቶ ሆኗል፤ በጠርዙ የተጻፈው «1፡100» ግን እንደነበረ ቀርቷል። ገልባጩም ጽሑፉን አመነ።

ለመሆኑ ኮምፒዩተሩ ይህን እንዴት ሳያውቅ ቀረ? ትሉ ይሆናል። ስካነር የሚያነሣው ፎቶግራፍ ነው፤ ነጥቦችን እንጂ ግድግዳና በር የሚባል ነገር አያውቅም። ራሱ የሚገለብጠው ፕሮግራም ነጥቦቹን ተከትሎ ያሰምራል፤ ክቡን ወደ ቁርጥራጭ መስመር ይለውጠዋል፤ የተጻፈውንም ቁጥር እንደ ጭረት ይቆጥረዋል፣ አለዚያም 6ን 8 ብሎ ያነበዋል። የቡና ጠብታ ሳይቀር መስመር ይሆናል! ፒዲኤፍ የሆነውም ሁለት ዓይነት ነው። እጅግ ሲያጎሉት መስመሩ እንደ ጠራ የሚቀር ከሆነ በቀጥታ ከኮምፒዩተር ንድፍ የወጣ ነውና፣ አውቶካድ 2017 ከተባለው እትም ጀምሮ መስመሩን መልሶ ማስገባት ይቻላል። ወደ ነጥብ ከተበታተነ ግን ያው ፎቶግራፍ ነው።

ወረቀትም ያታልላል፤ እርጥበት ይለጥጠዋል፣ ድርቀት ያኮማትረዋል። ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቢለጠጥ፣ 20 ሜትር የነበረው ግድግዳ በ20 ሴንቲ ሜትር ረዝሞ ይለካል። ስለዚህ ነው ከተሰመረው መስመር ይልቅ የተጻፈው ቁጥር የሚታመነው። ጠንቃቃ ገልባጭ ስካኑን ከሥር አንጥፎ፣ በተጻፈው ልክ እንደገና ይነድፋል። ይህ ቀናት ይፈጃል፣ ዋጋውም ይወደዳል፤ እኔ በበኩሌ ግን የምመርጠው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ በምትረከቡበት ቀን ቁጥራቸው የተጻፈ አምስት ስድስት ረጃጅም ልኮችን፣ ከቁመትም ከወርድም መርጣችሁ፣ ገልባጩ በፊታችሁ በፋይሉ ላይ ይለካቸው። ሕንፃው ቆሞ እንደሆነ ሄዳችሁ በሜትር ለኩ፤ ሲሠራ ከፕላኑ የተለወጠ ነገር ሊኖር ይችላልና። ወረቀቱም ከመደርደሪያው አይነሣ።

በዚያ መሥሪያ ቤት ከተሸጠው ጥቅል ውስጥ የመሠረቱ ፕላን ይገኝበት ነበር። ኮሪደሩን እንደገና መለካት ቀላል ሆነ፤ የመሠረቱ ብረት ቁጥር ግን በፋይሉ ላይ ጭረት ብቻ ሆኖ፣ በትንሹም ቅጂ ላይ አልነበብ አለ። መሐንዲሶቹ በመጨረሻ የሕንፃውን አራት ማዕዘን አስቆፈሩ።

ደኅና እደሩ።