የሣሩ ሂሳብ

ከእኔ የምትጠብቁት የሂሳብ መዝገብ ወሬ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ስለ ሣር ነው፤ ነገሩ ግን ያው ሂሳብ ነው።

ድሬዳዋ ቤቴ ደጅ 20 ካሬ ሜትር ሣር ነበረኝ። በሙቀቱ ወራት ለአንድ ካሬ በሳምንት 25 ሊትር ያህል አጠጣ ነበር። ሲባዛ 500 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 25 ጀሪካን! ቧንቧው በፈረቃ ነው፤ ሲጠፋ የምገዛው ውኃ የቁጠባ መዋጮዬን በላው። ሁለት ወር ሳልከፍል የቀረሁት ለዚህ ነበር፤ አፍሬ አልነገርኳችሁም።

አሁን ልጆቼ የሚጫወቱበትን 8 ካሬ ብቻ አስቀርቼ ሰርዶ ተክያለሁ። ሰርዶ ሥሩ ጠልቆ ይሄዳል፤ ውኃ ሲያጣ ይገረጣል እንጂ ቶሎ አይሞትም። በየቀኑ ከመርጨት በሳምንት አንዴ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ እስኪጠግብ አጠጡት። በጣም አሳጥራችሁ አትጨዱት፤ አፈሩ ይደርቃል። ጎመንና ድንች ያጠባችሁበትንም ውኃ አትድፉት፣ ለእሱ ስጡት።

ሣሬ ዛሬ ቢጫ ነው፤ ክረምት ይመልሰዋል። መዋጮዬ ግን ተከፍሏል።