በሐዲድ ላይ የተጓዘችው ቤተ ክርስቲያን



ሰው ቤት የሚሠራው ለመጠለያ ብቻ አይደለም። አንድ ሕዝብ ያነጸው ሕንጻ የዚያ ሕዝብ መልክ ነውና፥ አባት ለልጁ ሳይነግረው ያለፈውን ነገር ድንጋዩ ይነግረዋል። ስለዚህ በኃይል የሚገዛ መንግሥት ሕዝቡን እንደ ፈቃዱ ሊቀርጽ ባሰበ ጊዜ እጁን በሕንጻ ላይ ያነሣል። ለዚህም ምስክር የምትሆን በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ያለች አንዲት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ናት። ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የሩማንያ ሕዝብ በብዛት ኦርቶዶክሳዊ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀግናው ሚሐይ የተባለው መስፍን በቡካሬስት ኮረብታ ላይ ገዳም አሠራ። ይህ መስፍን በ1600 ዓ.ም. ዋላክያን፥ ሞልዳቪያንና ትራንሲልቫንያን ለጥቂት ጊዜ በአንድ እጅ ስለ ያዘ፥ የኋለኛው ትውልድ የአንድነት አባት አድርጎ ይቈጥረዋል።

በ1965 ዓ.ም. ኒኮላዬ ቻውሼስኩ የኮሙኒስቱን መንግሥት መሪነት ያዘ። እርሱም ሃይማኖትን ባይወድ እንኳ የአገርን ክብር ስም እጅግ ይወድ ነበርና፥ የጥንቶቹን መሳፍንት፥ ይልቁንም ሚሐይን፥ በመጽሐፍና በሲኒማ ያስወድስ ነበር። ራሱንም የእነርሱ ወራሽ አድርጎ ያስቈጥር ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ማርች 4 ቀን ታላቅ የምድር መናወጥ ሆነ፤ በአገሪቱም ከ1,500 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ቻውሼስኩ ግን ከዚህ መከራ ከተማውን በአዲስ መልክ ለመሥራት ምክንያት አገኘ። መናወጡ ያልጣለውን እርሱ ጣለው። የቀድሞዎቹ ሰፈሮች ፈረሱ፤ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ፤ ሃያ ያህል አብያተ ክርስቲያናትም ፈረሱ። በ18ኛው መቶ ዓመት የታነጸው ታላቁ የቫካሬሽት ገዳም እንኳ አልተረፈም።

በፈረሰውም ስፍራ በ1984 ዓ.ም. የታላቁ ቤተ መንግሥት መሠረት ተጣለ። ቁመቱ 84 ሜትር ነው። የሩማንያ ኃይል መታያ እንዲሆን ስለ ታሰበ፥ እብነ በረዱና እንጨቱ ሁሉ ከሞላ ጎደል ከአገር ውስጥ ተወሰደ። ይህ ሁሉ ሲሠራ ሕዝቡ ለዳቦ ተሰልፎ ይውል፥ ክረምቱንም በቀዘቀዘ ቤት ያሳልፍ ነበር።

የሚሐይም ገዳም በዚሁ ሥራ መንገድ ላይ ተገኘ። ስሙ በአደባባይ የሚወደሰው መስፍን የሠራው ቤት ለአዲሱ ሥራ እንቅፋት ሆነ። በዚያን ጊዜ ዮርዳኬስኩ የተባለ መሐንዲስ አብያተ ክርስቲያናቱን ከመፍረስ የሚያድን ብልሃት አቀረበ፤ ይኸውም ሕንጻውን ከመሠረቱ ቈርጦ፥ በበታቹ በብረት የጸና የስሚንቶ ወለል አኑሮ፥ በሐዲድ ላይ ቀስ በቀስ መግፋት ነው። በ1985 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱና የደወሉ ግንብ ከኮረብታው ወረዱ። ቤተ ክርስቲያኒቱም 289 ሜትር ተጉዛ ከረጃጅም ቤቶች ጀርባ ቆመች። የገዳሙ ሌሎች ቤቶች ግን ፈረሱ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኒቱ ዳነች፤ ነገር ግን ኮረብታዋንና ቅጽርዋን አጣች፤ ከሩቅ ያያት የነበረ መንገደኛም ከእንግዲህ ፈልጎ ካልሆነ አያገኛትም።

በ1989 ዓ.ም. ዲሴምበር ወር ሕዝቡ ተነሣ፤ ቻውሼስኩም በ25ኛው ቀን በጥይት ተገደለ። ቤተ መንግሥቱን ሠርቶ ሳይጨርስ፥ ሳይቀመጥበትም ቀረ። ኋላም የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ሆነ።

እንግዲህ ከዚህ ነገር የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ያ መንግሥት የአባትን ስም ከፍ ከፍ እያደረገ የአባትን ቤት ሰወረ፤ የአገርንም ፍቅር በድንጋይ ብዛት ሊያስተምር አሰበ። የአገር መልክ ግን ከላይ በትእዛዝ አይወርድም፤ በየዘመኑ ያለ ሕዝብ ሲጸልይበት፥ ሲዳርበትና ሙታኑን ሲሸኝበት በኖረው ቤት ይጸናል። ስለዚህ የደብርን ዕድሜ ቈጥሮ በዓል የሚያከብር ሕዝብ የግንቡን ቁመት አይለካ፤ ደጁን የረገጡትን አባቶችና እናቶች ያስብ፤ የተቀበለውንም ቤት ከነቅጽሩ ለልጆቹ ያስረክብ።