«የመጨረሻ 2» የሚባለው ፋይል
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ቴክኖሎጂ አንድ ነገር በለን» ሲሉኝ ደነገጥሁ። እኔ በሲቪል ምህንድስና የተመረቅሁ እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። እዚሁ ደብረ ታቦር ውስጥ ስድስት ሆነን ፕላን የምንነድፍባት፣ ለሥራ ተቋራጮች የዋጋ ዝርዝር የምናዘጋጅባት ትንሽ ቢሮ አለችን። ስለዚህ የምነግራችሁ ዋጋ ከፍዬ የተማርሁትን ብቻ ነው።

ሥራ ስንጀምር ፋይል የምንለዋወጠው በፍላሽ ነበር። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል መድፍ እስከ መቅደላ ያስጎተቱበት አገር ልጆች አይደለን? እኛ ደግሞ ለአንዲት የኤክሴል ፋይል ፍላሽ በፖስታ አሽገን ለነፋስ መውጫ ሚኒባስ ረዳት እንሰጥ ነበር። ፍላሹ ሲመለስ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ኋላ ቴሌግራም መጣና ተገላገልን። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል በነጻ ያስልካል፤ ምን ጎደለብን?

የጎደለብን ነገር ቆይቶ ታየን። ቴሌግራም ላይ የላክኸውን ፋይል በኮምፒውተርህ ብታርመው፣ ቡድኑ ውስጥ ያለው እንደ ነበረ ይቀራል። ስለዚህ ያረመ ሁሉ አዲስ ይልካል። «የመጨረሻ»፣ ከዚያ «የመጨረሻ 2»፣ ከዚያ «እውነተኛው የመጨረሻ»። ሳቃችሁን ሳየው እናንተም ቢሮ አለ ማለት ነው።

አንድ ቀን ለአንድ የጋይንት ሥራ ተቋራጭ የጨረታ ዋጋ ሠራን። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በመሀል ስለ ጨመረ አስተካከልነው። የጨረታ ሳጥኑ ሊታሸግ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ታናሽ እህታችን፣ የቢሯችን ባልደረባ ማለቴ ነው፣ ፕሪንት አደረገች፤ ማኅተም ተመታ፤ ገባ። ሰውየው በዝቅተኛ ዋጋ አሸነፈ። ጨፈርን! በሳምንቱ ሰነዱን ስናየው ዋጋው የድሮው ነው። በዚያ ዋጋ ቢሠራ ቤቱን መሸጡ ነው። ሥራውን ተወው፤ የጨረታ ማስከበሪያው ተወረሰበት። ግማሹን እኛ ከፈልን። ደመወዝ ሳንወስድ የከረምንበት ጊዜ ነው።

እኔም በሰው ፊት ልጅቷ ላይ ጮህሁባት። አኩርፋ ቀረች። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ነገር ስፈልግ ቴሌግራሙን ወደ ኋላ ሳገላብጥ ያንን የድሮ ፋይል አገኘሁት። በዋዜማው ሌሊት ከነፋስ መውጫ «ይህን አትሙ» ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ተመለሰች። የጮህሁባት ግን በሰው ፊት ነበር፤ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስላለች እናንተ እየሰማችሁ ደግሜ እጠይቃታለሁ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው ደህና መጋዘን መፈለግ የጀመርነው። ዋጋው በዶላር ነው። 100 ጊጋባይት በወር 2 ዶላር ገደማ ነው ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ ግን የብር ካርዳችን ውጭ አገር አይሠራም፣ ዶላሩም ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን ያለፈ ነው። ስለዚህ በነጻው ላይ አተኮርን። ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት ይሰጣል። ለፕላንና ለኤክሴል ይበቃል፤ የሚሞላው በሳይት ፎቶና ቪዲዮ ነው፤ ኢሜሉም ከዚያው ላይ ይቆጠራል።

አንድ ወጥመድ ግን አለው፤ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የጋራ ፎልደር ውስጥ ብታስገባውም የፋይሉ ባለቤት ያስገባው ሰው ነው። ሠራተኛው ለቆ አካውንቱን ቢዘጋ ፋይሉም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ በቢሮው ስም አንድ አካውንት ከፈትን። የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰዎች እናውቀዋለን፤ የማስመለሻ ስልኩ የቢሮው ነው። የጸደቀ ፋይል በዚያ አካውንት ብቻ ይገባል፤ ሌላው ያያል እንጂ አይነካም። ስሙም አይቀየርም። ስናርመው እዚያው ላይ በአዲሱ እንተካዋለን፤ የድሮው ቅጂ ለ30 ቀን ያህል ከጀርባ ይቀመጣል። «የመጨረሻ» የሚለው ቃል በቢሯችን ክልክል ነው፤ የጻፈ ቡና ይጋብዛል።

«ኔትወርኩ ሲጠፋስ?» ትሉኛላችሁ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ደመና ላይ ያለ ፋይል ያን ጊዜ ጉና ላይ እንዳለ ደመና ነው፤ ታየዋለህ፣ አትይዘውም። እኛን ያዳነን ሲንክቲንግ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም። ስድስቱ ላፕቶፖች ከአንድ ራውተር ጋር ከተያያዙ ፎልደሩን እርስ በርሳቸው ያመሳስሉታል። መብራት ሲጠፋ ራውተሯን በትንሽ ባትሪ እናቆያታለን። ኢንተርኔት ሲመለስ የቢሮው ኮምፒውተር ወደ ድራይቭ ይሰቅላል።

ሲንክቲንግ መጠባበቂያ እንዳይመስላችሁ ግን። አንዱ በስህተት ካጠፋ ከሁሉም ላይ ይጠፋል፤ የድሮ ቅጂ እንዲያስቀምጥ ከመጀመሪያው ካላዘዛችሁት በቀር። እኛ ይህንንም ያወቅነው አንድ ሙሉ የእስቴ ፕላን ካጠፋን በኋላ ነው። ለዚህ ነው ዓርብ ዓርብ ሁሉንም ወደ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ የምንገለብጠው። ዲስኩ ከቢሮ ወጥቶ ቤት ያድራል። ተራው የማን እንደሆነ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በዚህ ሳምንት የእኔ ነው፤ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው፤ ይኸውላችሁ።

ከምሳ በኋላ ዛፉ ሥር ጠረጴዛ ይዘን እንቀመጣለን። ላፕቶፕ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ሲንክቲንጉን እዚያው እንጭንላችኋለን። የምትጭንላችሁ እሷ ናት፤ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች።