ለአሮጌ ኮምፒዩተር የሚስማማ ሲስተም ስለ መምረጥ

(በማኅበራችን ስብሰባ የተነበበ ንግግር)



ወደ አገር ቤት ከምንልካቸው ዕቃዎች አንዱ ተጠቅመንበት የተውነው ላፕቶፕ ነው። ስጦታው መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚስማማው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ካልተመረጠለት ለተቀባዩ ሸክም ይሆናል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቋርጧል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ስለዚህ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችል ማሽን ሁሉ «አርጅቷል» ተባለ። ይህን ፍርድ ሳንመረምር ስለ ምን እንቀበላለን?

ሌላ መንገድ አለ፤ የጠረገውም እንደ እኛው ተማሪ የነበረ ሰው ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ሲማር በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ዛሬ ያለ ክፍያ የሚገኝ፣ ማንም ሊመረምረውና ሊያሻሽለው የሚችል ሥራ ነው። ዓይነቱ ብዙ ስለ ሆነ ግን በስም ሳይሆን በልክ እንምረጥ።

አንደኛ፤ ራሙን እንይ። 4 ጊጋባይት ላለው ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ይበቃል። 2 ጊጋባይት ለሆነው ሉቡንቱ፣ ከዚያ በታች ለሆነው አንቲኤክስ ይሞከር። ይሁን እንጂ ብዙውን ራም የሚበላው ብራውዘሩ ስለ ሆነ፣ ቀላል ሲስተም ብቻውን ተአምር አይሠራም። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መለወጥ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ያፈጥነዋል።

ሁለተኛ፤ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆኑን እናረጋግጥ። ኡቡንቱን የመሰሉት ለ32 ቢት ማሽን አዲስ እትም ማውጣት ትተዋል።

ሦስተኛ፤ የነበረውን ሳናጠፋ እንሞክር። ሲስተሙን በፍላሽ አዘጋጅተን ከፍላሹ ብናስነሣው፣ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን ዲስኩ ሳይነካ እናያለን።

አራተኛውና ዋናው፤ ተቀባዩን እንጠይቅ። ለሒሳብ ሥራው ፒችትሪን የሚፈልግ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ የተሠራ ነውና ሊኑክስ ጭነን ብንልክለት አልረዳነውም። የሚጽፍና የሚያነብ ተማሪ ከሆነ ግን የአማርኛ መጻፊያውን፣ ሊብረኦፊስንና ያለ ኢንተርኔት ዊኪፔዲያን የሚያስነብበውን ኪዊክስን እዚሁ ጭነን እንላክለት። ኢንተርኔት በሜጋባይት እየገዛ የሚማር ወንድማችን ይህን ሁሉ እዚያ አውርድ ሊባል አይገባውም።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሳይሞከር የሚላክ ኮምፒዩተር አይኑር። የምናወጣው የአንድ ቀን ድካም ነው፤ የሚገኘው ግን ለአንድ ተማሪ የዓመታት መሣሪያ ነው።