ለቅሶ ከመድረሳችን በፊት
(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከነርስነት ሥራሽ ተነሥተሽ አንድ ነገር ንገሪን» ሲሉኝ የመረጥኩት፣ በየቤታችን ያለ ግን በአደባባይ የማናነሣው ጉዳይ ነው። የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ወላጆች ቤት ውስጥ ስለ መንከባከብ።

እኛ ዘንድ አንድ አዛውንት መርሳት ሲያበዙ «ጃጁ» ብለን እናልፋለን። ይህ ግን የአንጎል በሽታ እንጂ የዕድሜ ግዴታ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 በሽታውን ሲገልጹ መነሻ የሆነቻቸው ታማሚ፣ ሆስፒታል ስትገባ ገና የ51 ዓመት ሴት ነበረች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዛሬ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የሚረሳ ሁሉ ግን አልዛይመር አለበት ማለት አይደለም። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ድብርትም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪም ይያቸው።

እናታችንን ቤት ይዘን ስድስት ዓመት ሆነን። በሥራዬም በቤቴም የማውቀውን ላካፍላችሁ። አትከራከሩ። እማዬ ገዛ ቤቷ ተቀምጣ «ቤቴ ውሰዱኝ» ስትል፣ «ይኸው ቤትሽ ነው» ማለት ያስቆጣታል፤ ነጠላዋን አልብሰን ሰፈሩን ዞር አድርገን እንመልሳታለን። ጥያቄ አታብዙ፤ «ማን ነኝ? አወቅሽኝ?» እያላችሁ አትፈትኗቸው፣ ስማችሁን ነግራችሁ ተቀመጡ። የቅርቡ ቢጠፋም እጅ የለመደው ይቆያል፦ ቡና መልቀም፣ ጥጥ መፍተል፣ ጸሎት። ያን አትንጠቋቸው። ከሰልና ምድጃ ያለ ሰው አይተዉ፤ ስልክ ቁጥራችሁን ልብሳቸው ላይ ስፉት። ሁኔታቸው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከተባባሰ «በሽታው ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ኢንፌክሽን ወይም የውኃ እጥረት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ አሳክሟቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ታላቅ እኅቴ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ናት፤ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ሥራዋን ትታ እማዬን የምትይዘው እሷ ናት፤ ዛሬም እዚህ የሌለችው ለዚህ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ሰው ሲጠይቅ «እማማ እንዴት ናቸው?» ይላል፤ «አንቺስ?» የሚላት ግን ጥቂት ነው። በየባቻችን «ጠፋች፣ ስልክ አታነሣም» የምንላቸውን እስቲ አስቡ። ስንቶቹ እንደዚህ ቤት ውለው ይሆን?

እኛ ለቅሶ ላይ የሚወዳደረን የለም። ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ሦስት ቀን አብረን እንውላለን። ታዲያ ሰውየው በሕይወት እያለ፣ አስታማሚዋ ብቻዋን ስትደክም የት ነን?

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየባቹ ወላጅ የሚያስታምሙ ጓደኞቻችንን እንወቅ። ተራ አውጥተን በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከታማሚው ጋር እንቀመጥ፤ አስታማሚዋ ትተኛ፣ ጸጉሯን ትሠራ፣ ከፈለገችም ዝም ብላ ትውጣ። የጤና መምህራኖቻችን ደግሞ ለቤተሰቦችና ለቤት ሠራተኞች የግማሽ ቀን ሥልጠና ቢሰጡልን፣ አዳራሹም ዕውቀቱም እዚሁ ግቢ አለ።

የስም መመዝገቢያው በር ላይ ነው። የመጀመሪያውን ቅዳሜ እኔ ይዣለሁ።