ያገለገለ ባለ ተደራራቢ አፈሙዝ ጠመንጃ አመራረጥ
(ስለ ሸክላ ዒላማ ተኩስ በጭሮ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ማኅበሩ ያገለገለ መሣሪያ እንዴት እንደሚመረጥ አንድ ንግግር እንዳሰማ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ወፍጮ ሞተር ወይም ስለ ውኃ መሳቢያ ፓምፕ እናገራለሁ ብላችሁ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በበደሳና በገለምሶ በየቀኑ እጃችን የሚገባው አብዛኛው መሣሪያ ከእኛ በፊት ሌላ ባለቤት የነበረው ስለሆነ ግምታችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ግን የመረጥኩት ለሸክላ ዒላማ ተኩስ የሚያገለግለውን፣ ሁለት አፈሙዞቹ አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡበትን የስፖርት ጠመንጃ ነው። በትምህርት ቤት ለየብቻቸው የተማርናቸው የግፊት፣ የመበላትና የልክ ጉዳዮች በአንድ እጅ በሚያዝ ዕቃ ውስጥ ተሰብስበው የሚገኙበት እንዲህ ያለ መሣሪያ ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ፣ በአንድ ወፍጮ ሞተር ላይ የተሳሳተ ሰው ገንዘቡን ሲያጣ፣ በጠመንጃ ላይ የተሳሳተ ግን ግራ እጁን ወይም ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። የተሰበሰብንባትን የአሰበ ተፈሪን ከተማ የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ ሰው እንደነበሩ ስናስታውስ፣ ርእሱ ለዚህ ቦታ ያን ያህል እንግዳ አይሆንም።

በአገራችን አልሞ መተኮስ የቆየ ሙያ ነው፤ ነገር ግን የኛ ዒላማ ቆሞ የሚጠብቅ ነበር። የሸክላ ዒላማ ግን በመወርወሪያ መኪና ተወርውሮ በአየር ላይ ሲበር የሚመታ ነው። ስሙ ሸክላ ይባል እንጂ የዛሬው ዒላማ ሸክላ አይደለም፤ ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከሬንጅ መሰል ማጣበቂያ የሚሠራ፣ ወርዱ 110 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 105 ግራም የሆነ ሳሕን ነው። በኦሊምፒክ ሁለት ዓይነት ውድድር አለው። ትራፕ በሚባለው ተኳሹ ከመወርወሪያው 15 ሜትር ወደ ኋላ ቆሞ ከፊቱ የሚሸሸውን ዒላማ ይመታል። ስኪት በሚባለው ደግሞ ዒላማው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በቅርብ ያቋርጠዋል። ትራፕ እ.ኤ.አ. ከ1900፣ ስኪት ከ1968 ጀምሮ በኦሊምፒክ ታይተዋል። ለሁለቱም የሚፈቀደው ጥይት የሚይዘው የእርሳስ አረር ከ24 ግራም አይበልጥም።

ለዚህ ሥራ ጎን ለጎን ከተጣመሩት አፈሙዞች ይልቅ ተደራራቢዎቹ የተመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ተኳሹ የሚያየው አንድ ጠባብ መስመር ብቻ ነው፤ አስቀድሞ የሚተኮሰው የታችኛው አፈሙዝም ለትከሻ የቀረበ ስለሆነ ምቱ ጠመንጃውን ወደ ላይ ብዙም ሳያነሣው በቀጥታ ወደ ኋላ ይመጣል። ሁለተኛው ጥይት መዘግየት በማይችልበት ስፖርት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

«12 ቁጥር» ስለሚባለው ልክ አንድ ቃል ልበል፤ ብዙ ሰው ቁጥሩን ይጠራል እንጂ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ከአንድ የእንግሊዝ ፓውንድ እርሳስ 12 እኩል ድቡልቡል ቢወጣ የአንዱ ክብደት 37.8 ግራም ይሆናል። በእርሳስ እፍግታ ብናካፍለው የድቡልቡሉ ወርድ 18.5 ሚሊሜትር ይመጣል፤ የ12 ቁጥር አፈሙዝ ውስጣዊ ስፋት ይኸው ነው። ቁጥሩ ሲጨምር አፈሙዙ የሚጠበውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጠመንጃው ከመመርመሩ በፊት ወረቀቱ ይመርመር። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው። በአፈሙዙና በአካሉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከፈቃዱ ቁጥር ጋር ካልገጠመ፣ ዋጋው ቢረክስም ሆነ አፈሙዙ ቢያንጸባርቅ፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በአፍደምና በሚኤሶ በኩል ሲያልፍ ከጨርቁና ከጨው ጋር ብዙ የአውሮፓ ጠመንጃ አብሮ ገብቷል። ከእነዚያ መካከል ውጅግራና ምንሽር ብቻ ሳይሆኑ የአደን ጠመንጃዎችም ነበሩ። የዚያን ዘመን የአደን ጠመንጃ ከአያቱ ወርሶ፣ ወይም ከወረሰ ሰው ገዝቶ፣ «ለስፖርት ይሆነኛል» የሚል ሰው ሁለት ነገሮችን ሳያውቅ አንድም ጥይት መተኮስ የለበትም።

የመጀመሪያው የጥይቱ ቤት ርዝመት ነው። የዛሬው የ12 ቁጥር ጥይት 70 ሚሊሜትር ይባላል። ብዙዎቹ የጥንት የአውሮፓ ጠመንጃዎች ግን የተበሱት ለ65 ሚሊሜትር ነው። አደጋው የሚሰወረው ጥይቱ ሳይተኮስ 70 ሚሊሜትር ባለመሆኑ ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ስለሚዘጋ ያልተተኮሰው ጥይት ከ60 ሚሊሜትር ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በአጭሩ ቤት ያለ ችግር ይገባል፣ ጠመንጃውም ይዘጋል። ሲተኮስ ግን እጥፉ ይዘረጋና ቤቱ በሚጠብበት ላይ ተደፍቶ የአረሩን መንገድ ያጠባል፤ ግፊቱም ከታሰበው በላይ ይወጣል። በአውሮፓ መደበኛውን ፈተና ላለፈ የ12 ቁጥር ጠመንጃ የተፈቀደው ከፍተኛ የጥይት ግፊት 740 ባር ነው። የናፍጣ ሞተር ሲሊንደር ሲጨምቅ የሚያሳየው ግፊት 30 ባር አካባቢ መሆኑን ለምታውቁት ለእናንተ ይህ አኃዝ ብዙ ይናገራል። ያን ያህል ኃይል የሚታመቅበት ብረት ከተኳሹ ፊት የሚርቀው በአንድ ክንድ ነው።

ሁለተኛው የብረቱ ዓይነት ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ብዙ አፈሙዞች የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች ተጠምዝዘውና በእሳት ተቀጥቅጠው ይሠሩ ነበር፤ የደማስቆ አፈሙዝ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ላያቸው እንደ ጥለት ያማረ ነው። የተሠሩት ግን ለጥቁር ባሩድ ሲሆን፣ ዝገት በየመጋጠሚያው ገብቶ ዓይን በማያየው ቦታ ሊበላቸው ይችላል። ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማየት ይቻላል፤ በዛሬ ጥይት መተኮስ ግን ክልክል ነው። የፈተና ምልክቱ ከአፈሙዙ ሥር፣ ጠመንጃው ሲከፈት በሚታየው ጠፍጣፋ ላይ ይገኛል። በሊዬዥ፣ በሴንት ኤቲየን፣ በበርሚንግሃም፣ በጋርዶኔ ያሉት የፈተና ቤቶች እያንዳንዳቸው ማኅተም አላቸው። በአዳዲሶቹ ላይ 12/70 ተብሎ የጥይቱ ቤት ርዝመት፣ ከጎኑም 18.4 ወይም 18.5 ተብሎ የውስጡ ስፋት ይቀረጻል። ምልክት የሌለው ጠመንጃ የልደት ምስክር ወረቀት እንደሌለው ሰው ነው እንኳ አይባልም፤ ሰው ቢያንስ ስለ ራሱ ይናገራል።

ያ የስፋት ቁጥር ለገዢ ዋና መሣሪያ ነው። ሻጭ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ «እንደ መስተዋት ነው» ይላል። መስተዋት መሆኑ በራሱ መልካምነት አይደለም፤ የዝገት ጉድጓዶች ተፍቀው ሊሆን ይችላልና። 18.4 ተብሎ የተቀረጸው አፈሙዝ ሲለካ 18.9 ሆኖ ከተገኘ ከግድግዳው ዙሪያውን 0.25 ሚሊሜትር ሄዷል። ግድግዳው በቀጭኑ ቦታ 0.75 የነበረ ቢሆን 0.50 ቀርቶታል ማለት ነው፤ ያውም የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪዎች ዝቅተኛ ብለው የሚይዙት ልክ ነው። በቀጭን ግድግዳ ቧንቧ ላይ የሚደርሰው ውጥረት ግፊት በሬዲየስ ተባዝቶ ለውፍረት የሚካፈል ስለሆነ፣ በዚያ ቦታ ብረቱ የሚሸከመው ጫና አንድ ተኩል እጥፍ ሆኗል። በዓይን የሚታይ አንዳች ለውጥ የለም።

አፈሙዙን በመስኮት ብርሃን ስታዩት ውስጡ የብርሃን ቀለበቶች ይታያሉ። ቀለበቱ የተሰበረበት ቦታ ጉድጓድ ወይም እብጠት አለ። ጉድጓድ በባለሙያ ይቀናል፤ ያበጠውን አፈሙዝ ግን ተዉት። ከዚያም አፈሙዞቹን ከአካሉ ለይታችሁ አንጠልጥሉና በእንጨት እጀታ ነካ አድርጓቸው። እንደ ደወል ከጮኹ የማያያዣው ብየዳ ደኅና ነው፤ ከተንቋቁ በመካከላቸው ውኃ መግባት ጀምሯል።

የማጠፊያውን መበላት ለማወቅ የፊት እጀታውን እንጨት አስቀድሞ ማውለቅ ያስፈልጋል፤ በውስጡ ያለው ሞላ ክፍተቱን ገፍቶ ይደብቃልና። ወፍራም ቅባት ካለ በላምባ ታጥቦ ይጥረግ፤ ቅባትም እንዲሁ ይደብቃል። ቀጥሎ ጠመንጃው ተዘግቶ ወደ ጎንና ወደ ላይ ይወዝወዝ። በአፈሙዙና በአካሉ መካከል ብርሃን ከታየ ወይም ሲወዛወዝ ከተንቀጫቀጨ ማጠፊያው ወይም መቀርቀሪያው ተበልቷል። መክፈቻው ምላስም ይመሰክራል፤ አዲስ ጠመንጃ ሲዘጋ ምላሱ ከመካከለኛው መስመር ጥቂት ወደ ቀኝ ይቆማል፣ እየተበላ ሲሄድ ወደ መካከል፣ ከዚያም ወደ ግራ ያልፋል። የብሎኖቹንም ራስ ተመልከቱ። በካቻቢቴ የተቦጫጨቀ ብሎን ውስጥ የማያውቅ እጅ ገብቷል።

ቃታው አንድ ብቻ ከሆነ ሁለተኛውን አፈሙዝ የሚያዘጋጀው በብዙዎቹ የተኩሱ ምት ነው። ስለዚህ በመለማመጃ ባዶ ጥይት ስትፈትኑ ከመጀመሪያው ስበት በኋላ ሰደፉን በመዳፍ መምታት አለባችሁ፤ ይህን ያላወቀ ገዢ ደኅናውን ጠመንጃ «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሳል።

በሻጮች ዘንድ ብዙ ገንዘብ የሚጠየቅበት ቅርጻ ቅርጽ ለዒላማ ምንም አያደርግም። ሰደፉ ግን ሁሉን ያደርጋል። ዓይን ተጨፍኖ ጠመንጃው ወደ ትከሻ ይነሣ፤ ዓይን ሲገለጥ የማነጣጠሪያው መስመር ከፊት ተዘርግቶ ካልታየ ጠመንጃው የሌላ ሰው ነው። በእጅ የሚገኙት ሰደፎች ከቃታ እስከ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ365 እስከ 375 ሚሊሜትር ናቸው። ረጅሙን ማሳጠር፣ አጭሩን ከኋላው ጎማ ጨምሮ ማርዘም ይቻላል። የተፋቀውን አፈሙዝ ማወፈር ግን አይቻልም። ገንዘብ ቢያጥራችሁ በእንጨቱ ላይ ታገሡ እንጂ በብረቱ ላይ አትታገሡ።

የትኛው ይገዛ ለሚለው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ከጭሮ መንገድ ዳር የተማርነው ነው። ጫት የሚጭኑት ሰዎች አይሱዙን የመረጡት ከመኪናዎች ሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም፤ መለዋወጫውና የሚያውቀው መካኒክ በየከተማው ስለሚገኝ ነው። በጠመንጃም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ሊዬዥ ውስጥ የሞተው የጆን ብራውኒንግ ንድፍ ማጠፊያው ከአፈሙዙ ሥር የሚያልፍ አንድ ወፍራም ዘንግ ነው፤ መቀርቀሪያውም ከታች ይገባል። የቤሬታ 680 ዘር ደግሞ በጎን በሚገቡ ሾጣጣ ካስማዎች ይቆለፋል፤ አካሉም ዝቅ ያለ ነው። በሁለቱም የተበላው መቀርቀሪያ በትልቅ ልክ በተሠራ ይተካል። የጃፓኑ ሚሮኩ የብራውኒንግን መንገድ ይከተላል። የሩሲያው ኢዥ 27 ሻካራ ነው፣ ግን ጠንካራ። ስሙ የማይታወቅ፣ ፋብሪካው የተዘጋ ጠመንጃ በግማሽ ዋጋ ቢቀርብ እንኳ አንድ መርፌ ሲሰበር በቶርኖ ቤት ልታሠሩት ነው፤ የመርፌን ብረት ማጠንከርና መልሶ ማለዘብ ደግሞ ለማንኛውም ቶርኖ ቤት የሚሰጥ ሥራ አይደለም።

ስለ አፈሙዙ ጫፍ ጥበት ከመወሰናችሁ በፊት ከፍታችንን አስቡ። ጭሮ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር 16 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። የአረሩ ፍሬዎች ፍጥነታቸውን ይበልጥ ይጠብቃሉ፣ መበተናቸውም ጥቂት ይቀንሳል። በመጻሕፍት ለትራፕ የሚመከረው ሙሉ ጥበት፣ ማለትም 1 ሚሊሜትር ገደማ፣ እዚህ ከሚያስፈልገው በላይ ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ ግማሹ ወይም ሦስት አራተኛው ይበቃል። ለስኪት 0.1 ሚሊሜትር እንኳ በቂ ነው። ጫፉ በብሎን የሚቀያየር ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ፈታችሁ እዩት፤ ዝጎ የተጣበቀ ጫፍ ብዙ ነው። ከጥበቱ አንዳች ካልተገኘና በአፈሙዞቹ መካከል ጫፉ ላይ ክፍተት ከታየ ጠመንጃው ተቆርጧል።

ወደ ሚኤሶ ቆላ ይዞ የሚወርድ ሰው ማጠፊያውን በቀጭን ዘይት ብቻ ይቀባ፤ አቧራ ከወፍራም ቅባት ጋር ሲቀላቀል የሞረድ ዱቄት ይሆናል።

በጠረጴዛው ላይ የምታዩት የነሐስ ዘንግ ውፍረቱ 20.2 ሚሊሜትር ሲሆን 65 እና 70 ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ባዶነቱ በተረጋገጠ ጠመንጃ የጥይት ቤት ውስጥ ሲገባ፣ ቤቱ መጥበብ በሚጀምርበት ይቆማል። ከሁለቱ ምልክቶች የትኛው ከአፈሙዙ የኋላ ጠርዝ ጋር እኩል እንደሚሆን በዓይን ይነበባል። ቶርኖ ያለው ሁሉ በግማሽ ሰዓት ሊሠራው ይችላል፤ ልኩን መቅዳት የምትፈልጉ ከጥያቄው በፊት ቀርባችሁ ውሰዱ።